ቤት ስትከራይ የመኪናህን ማደሪያ አብረህ ተከራይ

ልጄ፣ ከአገርህ ከጥርባ ወጥተህ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቤት ልትከራይ ስትነሣ የምትጠይቀው የታወቀ ነው። ኪራዩ ስንት ነው? ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? ሽንት ቤቱ ለስንት ሰው ነው? እነዚህን ጥያቄዎች አትተዋቸው። ባጃጅ፣ ሞተር፣ የቤት መኪና ወይም አይሱዙ ይዘህ ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ከሁሉም አስቀድም፤ ይህ ንብረቴ ማታ የት ያድራል? መልሱን በዓይንህ ሳታይና በወረቀት ሳታሰፍር የቤቱን ቁልፍ አትቀበል።

ይህን የምልህ በአከራይና በተከራይ መካከል ለሽምግልና በተቀመጥሁባቸው ጊዜያት ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ሰው የሚጣላው በኪራይ ገንዘብ ብቻ ይመስለዋል። ኪራይ ግን ቁርጡ የታወቀ ነው፤ ከፍለሃል ወይም አልከፈልህም። አስቸጋሪው ጠብ በደግ ቃል ተጀምሮ ቃሉ የተረሳበት ነው። «ግቢው ሰፊ ነው፣ የትም አቁም» የተባለ ተከራይ በገባበት ቀን ይመርቃል፤ ቦታው በተፈለገበት ቀን ያለቅሳል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። የመኪናህ ማደሪያ የአከራዩ ውለታ ሆኖ አይቆይ፤ ከቤቱ ጋር የተከራየኸው መብትህ ይሁን። ውለታ የሰው ፊት ሲለወጥ ይለወጣል። የተዋዋልኸው መብት ግን ፊት አይቶ አይለወጥም።

እኛ አገር ያደገ ልጅ ይህን ጥያቄ የማይጠይቀው ሞኝ ሆኖ አይደለም። የአዊ ገጠር ግቢ ሰፊ ነው፤ ላሙም በጉም የእንግዳው በቅሎም ቦታ አያጣም። ነገሩን አስተውለን ካየነው ግን አባቶቻችንም ቢሆኑ ማደሪያን ለዕድል አልተዉትም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያ ሁሉ ፈረስ አሸብርቆ የሚወጣው ዓመቱን ሙሉ ጋጣና ገለባ ያልተለየው ስለሆነ ነው። ፈረስ ገዝቶ ጋጣውን ጎረቤት ይሰጠኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በአገራችን አልነበረም። አንተም መኪና ከያዝህ በዚሁ ልብ አስብ። ተሽከርካሪህ ብዙ ጊዜ የሕይወትህ ትልቁ ንብረት ነው፤ ምናልባትም ገና ዕዳው ተከፍሎ አላለቀም። ቀን የሚያበላህ እሱ ከሆነ ማታ የሚተኛበትን ማሰብ የአንተ ፋንታ ነው።

በከተሞቻችን መኪና የሚያስገባ ኪራይ ቤት ለምን እንደሚያስቸግር ብታውቅ ፍለጋህ ይቀልልሃል። ብዙዎቹ የቆዩ ሰፈሮች የተሠሩት በእግሩ ለሚሄድ ሰው ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ግለሰብ ቤት ሠርቶ ማከራየቱ ቀረ፤ ብዙዎቹ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ መኖር የተለመደ ሆነ። ያን ጊዜ የቤት መኪና የነበረው ሰው ጥቂት ስለነበር መኪና የት ይግባ ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። በኋላም የግል ኪራይ ሲመለስ ባለቤቱ ባዶ ያገኘው የግቢ ቦታ ላይ ሰርቪስ ቤት እየሠራ ማከራየቱን ገቢው አድርጎ ያዘው። ዛሬ ሰፊ የሚመስልህ ግቢ የከርሞ ሦስት ክፍል ሊሆን ይችላል። ይህን ልብ በል፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞችም አብዛኞቹ ባለአራት ፎቅ ናቸው፤ መኪና የሚቆመውም በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ነው። ነዋሪው መኪና እየገዛ ሲሄድ ቦታው ባለበት ቀረ። ከተማው ችግሩን አይቶ መስቀል አደባባይ ሥር 1,400 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ሠርቶ በ2013 ዓ.ም. አስመርቋል። ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የቀን ጉዳይ ለሚፈጽም ሰው ይጠቅማል እንጂ ጀሞ ወይም የካ አባዶ የሚያድርን ሰው መኪና አያሳድርም። የማታውን ቦታ ራስህ ማግኘት አለብህ።

እንግዲህ ከፍለጋው እንጀምር።

ለደላላ ስትነግር የተሽከርካሪህን ዓይነት ተናገር። «ፓርኪንግ ያለው ቤት» ብቻ ካልኸው የሚያሳይህ ለእሱ የተመቸውን ነው። «ባጃጅ አለኝ፣ ማታ ከአጥር ውስጥ ማደር አለበት፣ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ» ብለህ ቁርጡን አስታውቀው። ደላላው «ፓርኪንግ አለው» ሲልህ ከአጥር ውስጥ ነው ወይስ በር ላይ፣ ለእኔ ብቻ ነው ወይስ ቀድሞ ለገባ ብለህ ጠይቀው። የደላላውንም ክፍያ ቤት ከማየትህ በፊት ተነጋገር፤ ኋላ ቤቱን ወደኸው ሳለ የሚነሣ የኮሚሽን ጭቅጭቅ ያልፈለግኸውን ቤት ሊያስይዝህ ይችላል።

ቤቱን ልታይ ስትሄድ በእግርህ አትሂድ፤ ተሽከርካሪህን ይዘህ ሂድ። መንገዱን ራሱ መኪናው ይነግርሃል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ክረምቷን ታውቀዋለህ። በጥር ደረቅ የሆነ የውስጥ ለውስጥ መንገድ በሐምሌ ጎማ ይውጣል። ከአስፋልቱ ወይም ከኮብልስቶኑ እስከ ግቢው በር ያለውን መሬት እይ፤ ጥቁር አፈር ነው ወይስ ድንጋይ የፈሰሰበት? ጎረቤቱን «ክረምት መኪና ይገባል?» ብለህ ጠይቅ። ከአከራዩ ይልቅ ጎረቤቱ እውነቱን ይነግርሃል።

ከዚያ በሩ ላይ ቁም። በብዙ ሰፈር ከበሩ ፊት የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ፤ በላዩ ሳንቃ፣ ግንድ ወይም ስሚንቶ ተጋድሞበታል። ሰው የሚሸከመው ሳንቃ አይሱዙ አይሸከምም። ጎንበስ ብለህ ከሥሩ እይ፤ የተሰነጠቀ፣ ብረቱ የወጣ፣ ግንዱ የበሰበሰ ከሆነ ማን እንደሚያድሰው ከመግባትህ በፊት ተነጋገር። ቀጥሎ በሩን ለካ። ሜትር ከሌለህ በእርምጃህ ለካው። ባጃጅ ወርዱ 1 ሜትር ከ30፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። የቤት መኪና ወርዱ 1 ሜትር ከ70 ያህል ቢሆንም በሩ ተከፍቶ ሰው እንዲወርድ 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ቦታ ይፈልጋል። አይሱዙ ከ6 ሜትር በላይ ነው። ሦስት ሜትር በር ሰፊ ይመስላል፤ ከበሩ ፊት ያለው መንገድ ጠባብ ከሆነ ግን መኪናው አይዞርም። ስለዚህ በወሬ አትመን፤ አስገባና አስወጣው። ወደኋላ ስታስወጣ ስፖኪዮው አጥሩን የሚነካ ከሆነ በየቀኑ ይነካዋል ማለት ነው።

ግቢ ውስጥ ከገባህ በኋላ ደግሞ መሬቱን እይ። ይህን አጥብቄ እነግርሃለሁ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ የት እንዳለ ሳትጠይቅ መኪና አታቁም። ብዙ ግቢ ውስጥ ደልዳላውና ባዶው ቦታ ባዶ የሆነው ከሥሩ ጉድጓድ ስላለ ነው። ክዳኑ ሰው እንዲረግጠው የተሠራ ነው፤ ጭነት መኪና ቢቆምበት ሊደረመስ ይችላል፤ ከመኪናው ይልቅ በአጠገቡ የሚጫወት ሕፃን ያሳስበኛል። የድሮ የውሃ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። ቀና ብለህ ደግሞ ላዩን እይ፤ ያረጀ ባሕር ዛፍ፣ ያዘነበለ የመብራት እንጨት፣ ሚስማሩ የላላ የጣራ ቆርቆሮ ካለ ነፋስ በሚነሣበት ሌሊት እንቅልፍ አይኖርህም።

ቤቱን በቀን አይተህ ከወደድኸው በማታ ተመለስ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሌላ ነው። መብራት አለ? ዘበኛ አለ ከተባለ ሰውየው ማነው፣ የሚከፍለው ማነው፣ የሚተኛው የት ነው? በቀርከሃ የታጠረ ግቢ ያምራል፤ በእኛ አገርም የኖረ ጥበብ ነው፤ አጥሩ ግን የተነቃነቀ ከሆነ ባትሪና ስፖኪዮ ለሚፈልግ እጅ በር ነው። ተሽከርካሪው ከአንተ ቤት ርቆ የሚያድር ከሆነ በመካከል ያለውን መንገድ በእግርህ ሂድበት። ይህን ለሴት ልጆቼ ደጋግሜ እላለሁ፤ መኪናሽን አቁመሽ ቤትሽ እስክትደርሺ ያለው መንገድ ጨለማ ከሆነ ኪራዩ ርካሽ ነው ብለሽ አትግቢ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ ቤቱ እዚህ፣ መኪናው እዚያ የሆነበት ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ በቅርብ ዓመታት አይተናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ውሉ።

አንድ ጊዜ የሸመገልነውን ልንገርህ። አንድ ወጣት ባጃጁን ይዞ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየ። አከራዩ ደግ ሰው ናቸው። «ይህ ሁሉ ባዶ ግቢ! የትም አቁም ልጄ» አሉት። እሱም አመሰግናለሁ ብሎ ገባ። ዓመት ሳይሞላ የአከራዩ ልጅ መኪና ገዝቶ መጣ። ባጃጁ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ተነሥቶ ወደ ሽንት ቤቱ መግቢያ ሄደ። እዚያ ደግሞ ሴቶቹ መተላለፊያ አጣን አሉ፤ ወደ ግቢው በር ተጠጋ። ቀጥሎ አከራዩ በግቢው ጥግ ሁለት ክፍል ሰርቪስ መሥራት ጀመሩ፤ አሸዋና ድንጋይ ሲራገፍ ባጃጁ ከበር ውጭ ማደር ግድ ሆነበት። አንድ ጠዋት ሲነሣ ባትሪው የለም። ልጁ ተቆጥቶ የዚያን ወር ኪራይ አልከፍልም አለ። አከራዩም «እኔ ቤት እንጂ ግቢ አላከራየሁም» አሉ።

ተቀምጠን ስንሰማቸው ሁለቱም አልዋሹም። ልጁ አቁም ተብሏል። አከራዩም ለዘለዓለም አላሉም። መሐላ የሚያስፈልገው አንድም ነገር አልነበረም፤ የጠፋው ወረቀት ነው። ሽማግሌዎች በአጥሩ ጥግ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ለካን፤ ድንጋይ አስቀመጥንበት፤ ልጁ በኪራዩ ላይ ጥቂት ጨመረ፤ አከራዩ ያንን ቦታ ላይነኩ በጽሑፍ ፈረሙ፤ የባትሪውን ዋጋም ተካፈሉ። ታርቀው ሄዱ። ያን ወረቀት በገቡበት ቀን ጽፈውት ቢሆን ኖሮ እኛን ባላስቸገሩ፣ እነሱም ባልተቀያየሙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሕጉም ከጎንህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። የኪራይ ጭማሪም አከራዩ ደስ ባለው ጊዜ የሚያደርገው መሆኑ ቀርቶ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው መጠን ሆኗል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ተደንግጓል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ስትከራይ ውል የሚመዘገበው የት እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቅ። ምዝገባ በሌለበት ቦታም ቢሆን ሁለት ምስክር ያለበት የጽሑፍ ውል ሳትይዝ አትግባ።

ሕጉ ውልህን ይጠብቅልሃል፤ ውልህ ውስጥ የሌለውን ግን ከየትም አያመጣልህም። ብዙ ሰው የውል ቅጽ ገዝቶ ስሙንና ዋጋውን ብቻ ይሞላል። አንተ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር ጨምርበት፦ «በግቢው ውስጥ ከዋናው በር በስተቀኝ ከአጥሩ ጋር የሚዋሰነው፣ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ50 የሆነው ቦታ ለተከራዩ ተሽከርካሪ ማቆሚያ በኪራዩ ውስጥ ተካትቶ ተሰጥቷል፤ አከራይ በውሉ ዘመን በቦታው ላይ ግንባታ አይሠራበትም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጠውም።» ቀኝ ወይም ግራ፣ አምስት ወይም ሦስት ሜትር፣ እንደ ግቢው ለውጠው። ከዚህ ሌላ ሦስት ነገር አስጽፍ። የግቢውን በር ቁልፍ አንድ ቅጂ እንደምትይዝ፤ በስንት ሰዓት መውጣትና መግባት እንደምትችል፤ ሰርቪስ ቤት ከተሠራ ቦታህ እንደማይነካ። የሦስተኛው ነገር ምክንያት ቅድም ነግሬሃለሁ።

አከራዩ «ይህን ሁሉ መጻፍ ለምን አስፈለገ፣ አታምነኝም?» ሊሉህ ይችላሉ። አትቆጣ፣ አትመልስባቸው። «አባቴ፣ እርስዎን አምናለሁ፤ ነገር ግን ነገ እርስዎ ባይኖሩ ከልጆችዎ ጋር እንዳልጋጭ ነው» በል። እውነትም ነው። ቤት ይወረሳል፣ ይሸጣል፤ አዲሱ ባለቤት የአሮጌውን ቃል አያውቅም። በጎ አከራይ ይህን ሲሰማ ይፈርማል። አልፈርምም የሚል ካለ ቦታውን ለሌላ ነገር አስቦታልና አመስግነህ ውጣ።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ የምትከራየው ነገሩ ይለያል። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ግቢው የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ነው፤ አከራይህ ከቤቱ ሌላ የግሉ ያልሆነውን መሬት ብቻውን ሊሰጥህ አይችልም። ስለዚህ አከራዩን ብቻ ሳይሆን የሕንፃውን ማኅበር ኮሚቴ ጠይቅ። ቦታ በቁጥር ተከፋፍሏል ወይስ ቀድሞ የገባ ያቆማል? ተከራይ እንደ ባለቤት ይታያል? ለጥበቃ በወር ስንት ይዋጣል፣ ማን ይከፍላል? ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሄደህ ባዶ ቦታ መኖሩን በዓይንህ እይ። ምድር ቤት ያለው አፓርታማ ከሆነ ደግሞ ወደ ምድር ቤቱ ራስህ ውረድ። ለመኪና የተባለ ምድር ቤት መጋዘን ወይም ሱቅ ሆኖ የሚገኝበት ሕንፃ በከተሞቻችን አለ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ እየበዛ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ከያዝህ የማቆሚያው ጥያቄ እጥፍ ይሆናል፤ የሚያድርበት ቦታ የሚሞላበትም ቦታ ነውና። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ወር ከጎረቤት ጋር ትጣላለህ። ከአከራዩ ጋር ተነጋግረህ ለብቻው ንባብ የሚያሳይ ቆጣሪ አስገባ፤ መስመሩንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ አይቶ መሸከም አለመሸከሙን ይንገርህ። ከመስኮት በቀጭን ማራዘሚያ ሽቦ ጎትቶ በዝናብ ውስጥ መኪና መሙላት እሳት መጥራት ነው። ይህን እንዳታደርግ።

የቁልፍን ነገር ደግሞ ሳልነግርህ አላልፍም። ቦታ በጠበበበት ግቢ መኪና ከመኪና ኋላ ይቆማል፤ ያን ጊዜ «ቁልፉን ተወው፣ እኛ እናነሣዋለን» ይሉሃል። ተጠንቀቅ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ከኃላፊነት የሚድነው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው የግቢው ጎረምሳ መኪናህን ላንሣው ብሎ ሰው ቢገጭ ተጠያቂው አንተ ነህ። ቁልፍህን መንጃ ፈቃዱን አይተህ ለምታምነው ሰው ካልሆነ አትስጥ። ተዳፋት ላይ ስታቆም የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ማርሽ አግባ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። መድንህ ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነም ለሌላው ሰው ጉዳት እንጂ ለተሰረቀ ባትሪህ እንደማይከፍል ዕወቅ።

መኪና የሚያስገባ ቤት ጨርሶ ባታገኝስ? ሒሳብ አስላ። ማቆሚያ የሌለውን ርካሽ ቤት ኪራይና በቅርብ ያለ ጥበቃ ያለው ግቢ የሚያስከፍለውን የአዳር ክፍያ በወር ደምር፤ ድምሩን ከውዱ ቤት ጋር አስተያይ። አንዳንድ ጊዜ ርካሹ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ልዩነቱ አንድ ስፖኪዮ የማይገዛ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከዚያ ግቢ ጠባቂ ጋር ስትስማማም ደረሰኝ ተቀበል፤ መኪናው ሲገባ ያለበትን ሁኔታ በስልክህ ፎቶ አንሣ። የአይሱዙ ሹፌር ከሆንህና ከፋግታ ለኮማ ከሰል ወይም ድንች ጭነህ የምትመላለስ ከሆነ ደግሞ ከተማ መሐል ቤት አትፈልግ። ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ገባ ያለ፣ በሩ ሰፊ፣ መሬቱ ድንጋይ የሆነ የዳር ሰፈር ይሻልሃል። ጭነት ይዘህ ሰፈር ውስጥ ማደር ለሰፈሩም ለአንተም አይበጅም።

መኪና ለያዘ ሰው ማቆሚያው የራሱ ግዴታ መሆኑን ሌሎች አገሮች በሕግ ደንግገዋል። ቶዮታ የምትሠራው ጃፓን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ መኪና የሚያቆምበት ቦታ እንዳለው የማያስረዳ ሰው መኪና በስሙ እንዳያስመዘግብ አድርጋለች፤ ቦታው ከመኖሪያው በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሆን አለበት፤ ፖሊስም ያረጋግጠዋል። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ የለንም። ሕግ ባይኖርም ግን መንገድ የሁሉ ነው፤ ማቆሚያ የሌለው ሰው ከሌላው ሰው መንገድ ላይ ወስዶ ያቆማል።

ስለዚህ መብትህን እንዳስከበርህ ሁሉ የጎረቤትህንም መብት አስከብር። በሰው በር ፊት ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አታቁም፤ ወላድ የምትወጣበት ሰዓት አይታወቅም። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምትነሣ ከሆነ ሞተሩን ግቢ ውስጥ ረዥም ጊዜ አታስነሣ፤ ሕፃንና በሽተኛ አለ። ዘይት ስትቀይር መሬት ላይ አታፍስስ፤ ያ ዘይት ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ይሄዳል። የልቅሶ ድንኳን ሊተከል ሲል ሳትጠራ መኪናህን አንሣ፤ ከዚያም ለቀብርተኛ ማመላለሻ ስጥ። እድር ግባ። የእድር ሰው መኪና ሲነካ የሚጮህለት ብዙ ነው፤ ካሜራም ዘበኛም የማይተካው ጥበቃ ይህ ነው።

ልጄ፣ ቤት ስትፈልግ ይሉኝታ አይያዝህ። ስትለካ፣ ስትጠይቅ፣ ስታስጽፍ ክፉ ሰው አትመስልም፤ ክፋት የሚመጣው ሳይነጋገሩ ገብተው ኋላ በሚያነሡት ነገር ነው። ነገ ቤት ልታይ የምትሄድ ከሆነ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና አንድ ንጹሕ ወረቀት ይዘህ ሂድ። በሜትሩ በሩን፣ በባትሪው የማታውን ሰፈር እይ፤ በወረቀቱ የተስማማኸውን ጻፍ። በደህና ግባ፣ በደህና እደር፣ ንብረትህም በደህና ይደር።